የማራናታ ስድስተኛ ጣት

ቴፒ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ ብርሃነመስቀል፤ ሀምቡርግ።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ብርዱ ዘንድሮ ቶሎ እንደገባባችሁ እናቴ ነግራኛለች፤ አምላክ ጉልበትዎን ይጠብቅልኝ። ለእትዬ ሸዋነሽና ለልጃችሁ ለፍሬአብ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። እኔ የጠመኔው ብናኝ ከሚያስለኝ በቀር ደህና ነኝ። እናቴም ሚዛን ከተማ ሱቋን ይዛ ደህና ናት፤ ዱቤ የሚወስድባትን ሁሉ እየተቆጣች መልሳ ትሰጠዋለች።

ዛሬ የምጽፍልዎ ደስ ብሎኝ ነው። እንደነገርኩዎ አሁን ባዮሎጂ የሚያስተምረው ፕላዝማው ነው። ለእኔ መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ጥቂት ደቂቃ ይተውልኛል፤ መሐሉን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ሴትዮ በእንግሊዝኛ ትለቀዋለች። ተማሪዎቼ ሳትተነፍስ ነው የምትናገረው ብለው «ሩጫ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ባለፈው ማክሰኞ አሥረኛ «ለ» ክፍል ስለ ዘር ውርስ ልትጀምር ስትል መብራት ጠፋ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ፤ እኔም በልቤ አጨበጨብኩ።

መጽሐፉ ላይ ያለው ምሳሌ የአተር ነው። ጀመርኩላቸው፤ ፊታቸውን ሳይ ግን አተሩ ከሽሮ አልፎ እንደማይሄድ ገባኝ። ስለዚህ እጄን አነሳሁና ከትንሿ ጣቴ ጎን ያለችውን እብጠት አሳየኋቸው። በእኛ ቤት ስድስት ጣት ይዞ የሚወለድ እንደማይጠፋ፣ አያቴ ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሳ ትርፏን ጣት ከሥሯ በክር አስራ ደርቃ እንድትወድቅ ታደርግ እንደነበር፣ የእናቴም የእርስዎም እንደዚሁ እንደታሰረ፣ የምስር ፍሬ የምታህል እብጠት ብቻ እንደምትቀር ነገርኳቸው። «ክሩ ጣቷን ያስራል እንጂ ዘሩን አያስርም፤ ለዚህ ነው እኔም ይዣት የተወለድኩት» አልኳቸው። ያን ጊዜ ነው የገባቸው። እንቅልፋሞቹ ሁሉ ነቁ።

ይሄኔ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ፣ ሁልጊዜ በሹራቧ እጅጌ ሸፍና የምትይዘውን እጇን ቀስ ብላ አወጣች። ጥፍርም አንጓም ያላት ሙሉ ስድስተኛ ጣት ነበረች። «የኔን ያሰረልኝ ሰው አልነበረም፣ ቲቸር» አለች። ማራናታ ታፈሰ ትባላለች፤ ከቡና እርሻው ጀርባ ካለው መንደር ነው የምትመጣው። ታፈሰ አያቷ ናቸው፤ ትምህርት ቤት የተመዘገበችው በእሳቸው ስም ነው። እናቷ የምሥራች እስከ ዛሬ እርሻው ችግኝ ጣቢያ ትሠራለች። እርስዎም ውጭ ከመሄድዎ በፊት እዚያው እርሻ ባለሙያ ስለነበሩ ምናልባት ያውቋቸው ይሆናል።

አሁን የእኛን ቤት የዘር ሐረግ ሰሌዳ ላይ ልሥልላቸው አስቤያለሁ። ጣቷ የነበረችበትንና ያልነበረችበትን ዘመድ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ፍሬአብስ ሲወለድ ነበረችው? ይጻፉልኝ። ቃል የገቡልኝን ማይክሮስኮፕም አልረሳሁም፤ የትምህርት ቤታችን ብቸኛ ማይክሮስኮፕ መስታወቱ ተሰብሮ የንብረት ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ
ማናልሞሽ


ሀምቡርግ፣ ጥር 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ ለማናልሞሽ፤

የተወለደው ጌታ ዓመትሽን ይባርክልሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ ሳልመልስልሽ የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው። በዚህ ወቅት ወደቡ ላይ የቡና መርከብ ይደራረባል፤ ከየጆንያው ናሙና ሳወጣ፣ ስቀምስና ስመዘግብ ይመሻል። የጅማና የቴፒ ቡና ሲመጣ ግን ሳልቀምሰው በመዓዛው አውቀዋለሁ።

በትጋትሽ ኮርቻለሁ። አባትሽ ካረፈ ጀምሮ አንቺን ለዚህ ለማብቃት የደከምኩት ድካም ፍሬ አፍርቷል። ማይክሮስኮፑ ተገዝቶ ቤት ተቀምጧል፤ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ይላካል።

ስለዚያ ስለ ጣት ጉዳይ እንደ አባት አንድ ምክር ልስጥሽ። የቤተሰብ ገመና ለተማሪ አይሰጥም። መጽሐፉ አተር ያለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አተሩን አስተምሪ። የዘር ሐረግ የምትዪውንም ተዪው። በዚያ አገር ስድስት ጣት ያለው ሰው ሞልቷል። አንዲት ልጅ ስድስት ጣት ስላላት ዘመዳችን ናት ብሎ መነሳት ለመምህር የሚገባ አይደለም።

ለእናትሽ ለእታለም ይህን ነገር እንዳታነሺባት፤ የደም ግፊቷን ታውቂያለሽ። ሸዋነሽ ሰላም ብላሻለች። ለሚሊኒየሙ በዓል ሁላችንም ለመምጣት እያሰብን ነው።

አጎትሽ
ብርሃነመስቀል

ያልሻት ልጅ ዕድሜዋ ስንት ነው?


ቴፒ፣ ጥር 29 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሼ ብርሃነመስቀል፤

እርስዎም ቤተሰብዎም በያላችሁበት ሰላም ያድርግልኝ። ደብዳቤዎን ሸኮ ከተማ የሚያስተምር ጓደኛዬ ከሚዛን ፖስታ ቤት አውጥቶ አመጣልኝ። ደጋግሜ አነበብኩት።

ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ልጅቷ ዘመዳችን ናት የሚል ቃል እኔ አልጻፍኩም። ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ገልብጬ ስለያዝኩት መልሼ አየሁት፤ የለበትም። ስድስት ጣት ከብዙ ቤት እንደሚወለድ እኔም አውቃለሁ። እንዲያውም የእርስዎ ምክር ሳይደርሰኝ፣ ጣቷን ባየሁ ማግስት ክፍል ገብቼ ይህንኑ አስተምሬያቸዋለሁ፦ ጣት ተመሳሰለ ማለት ዘር ተመሳሰለ ማለት አይደለም፤ አንዳንዴም ከማንም ሳይወረስ ይመጣል። ያስተማርኩት እውነት ስለሆነ ነው።

ማራናታ ግን ትምህርት ሲያልቅ የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «በእናንተ ቤት አለ ብለዋል፤ በእናቴ ቤት ማንም የለበትም፤ ጠይቄያለሁ። ታዲያ የኔዋ ከየት መጣች?» አለችኝ። «በራሷም ልትመጣ ትችላለች» አልኳት። «ትችላለች ነው ወይስ ነው?» አለችኝ። ምን ላድርግ፣ እንዲህ ብላ እንድትጠይቅ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ዓመቱን ሙሉ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ግምትንና የታወቀን ነገር አትቀላቅሉ እያልኩ የምጮኸው እኔ ነኝ። ነገ እንነጋገራለን ብዬ ሸኘኋት፤ ያ ነገ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ቅዳሜ ስለ ልጇ ትምህርት ላወራት ብዬ የምሥራች ጋ ሄድኩ። ችግኝ ጣቢያው ዳስ ሥር ተቀምጣ ከረጢት ውስጥ አፈር ትሞላለች። ተነስታ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ፤ ከዚያ አልለቀቀችኝም። በአውራ ጣቷ እብጠቴን ዳሰሰቻት። ገና የማን ልጅ እንደሆንኩ አልነገርኳትም፣ ጋሼ። «ብርሃነመስቀል ደህና ነው?» አለችኝ።

የአፈሩ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ስለ እርስዎ አንድ ነገር ብቻ ነው የነገረችኝ፦ «ሥራ ላይ ጥንቁቅ ነበር። ከየትኛው እናት ዛፍ እንደመጣ ቁጥሩ ያልተጻፈበት ችግኝ ከዚህ በር አያስወጣም ነበር» አለች። አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የማራናታን ዕድሜ ጠይቀውኛል። አሥራ አምስት ሊሞላት ነው። የተወለደችው እርስዎ በሄዱበት ዓመት፣ መጋቢት ላይ ቡናው ሲያብብ ነው። እኔ ምሳሌ ፍለጋ ነው እዚህ ውስጥ የገባሁት፤ አሁን መውጫው ጠፍቶኛል። ልጅቷ በየቀኑ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። ምን ልበላት?

ማናልሞሽ


ሀምቡርግ፣ መጋቢት 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

ማናልሞሽ፤

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ላቆየው። ሰው ቤት ሄደሽ፣ የሰው እጅ ጨብጠሽ፣ ዳኛ ሆነሽ ተመለስሽ። ማን ሾመሽ? አንዲት ሴት ደህና ነው ወይ ብላ ስለጠየቀች ያልተባለውን ሁሉ ሰማሁ አልሽ። አብረን እንሠራ ነበር፤ የድሮ ባልደረባ ስለ ባልደረባው ይጠይቃል። ከዚህ ሌላ ነገር የለም።

እኔ እዚህ በትዳሬና በቤተ ክርስቲያኔ የተከበርኩ ሰው ነኝ። ሸዋነሽ ስለዚህ ነገር አንዳች አታውቅም፤ የምታውቀውም ነገር የለም። ለሚሊኒየሙ ልጄን ይዤ አገሬ ስገባ እንዲህ ያለ ወሬ በር ላይ እንዲጠብቀኝ አልፈልግም።

ስለዚህ ልጅቷን ወደ ሌላ ክፍል አዛውሪያት። ይህ የማይሆን ከሆነ አንቺ ወደ ሚዛን ትዛወሪያለሽ፤ እዚያ የሚሰማኝ ሰው አላጣም። አንቺን ያስተማርኩት በቤተሰብሽ ላይ ሰሌዳ እንድታቆሚ አይደለም። ለእታለምም ደውዬ ነግሬያታለሁ። ስልኩ ላይ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ፤ ያስለቀስሻት አንቺ ነሽ።

ማይክሮስኮፑን የሚያደርስ ሰው አልተገኘም።

ብርሃነመስቀል


ሀምቡርግ፣ መጋቢት 25 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለማናልሞሽ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። ቀደም ብሎ የጻፍኩልሽን በቁጣ ነው የጻፍኩት፤ እንዳሳዘነሽም ገብቶኛል። ይቅር በይኝ። ሰው ሲደክመው አንደበቱ ይከፋል።

ባለፈው ሳምንት ፍሬአብ ከትምህርት ቤት መጥቶ እጁን ዘረጋልኝ። «አባባ፣ ይቺ ጠባሳ ምንድን ናት?» አለኝ። ጠይቀሽኝ ነበር፤ አዎ፣ ነበረችው። ሲወለድ እዚሁ ሐኪም አንስቶለታል። ለካ እነሱም ዘንድሮ ስለ ዘር ውርስ እየተማሩ ነው። የዘመዶቹን ሐረግ ሥሎ እንዲያመጣ አስተማሪው አዞታል። ያየኋቸውን ዘመዶች ነገርኩት፤ ሣለ፤ ወስዶም አሳየ።

ከዚያ በኋላ የዚያች ልጅ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በእጅጌዋ እየሸፈነች ነው ያልሽው። ወጣት ልጅ ናት፤ ሰው ያሾፍባታል፤ ነገ ትዳር ሊገጥማት ነው። ስለዚህ ሚዛን ሆስፒታል ካለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር በሰው በኩል ተነጋግሬያለሁ። ቀላል ሥራ ነው፤ በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። ለሰኔ ቀጠሮ ይዞላታል። ወጪዋን ሁሉ እኔ እችላለሁ፤ ብቻ ከመስከረም በፊት ይለቅ። ከማን እንደሆነ አትንገሪያት። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው በያት።

ማይክሮስኮፑን የሚያመጣ ሰው አግኝቻለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ይደርስሻል። ይህ ለሁላችንም ዕረፍት ይሆናል። አደራሽን።

አጎትሽ
ብርሃነመስቀል


ቴፒ፣ ግንቦት 19 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሼ ብርሃነመስቀል፤

እግዚአብሔር ጤናውን አያጓድልብዎ። ማይክሮስኮፑ ምንም ሳይሆን ደርሷል፤ አመሰግናለሁ። ንብረት ክፍል ገብቶ ሳይቆለፍበት በፊት ተሻምቼ ክፍል አስገባሁት። የቡና ቅጠል ልጠን መስታወት ላይ አድርገን አየን። ተማሪዎቹ ለማየት ሲጋፉ ጠረጴዛውን ሊገለብጡት ነበር። ከሁሉም ያየችውን አስተካክላ የሣለችው ማራናታ ናት። እጇ አይንቀጠቀጥም። እርስዎም ያዩትን ነገር ሁሉ እንዳለ ይሥሉ እንደነበር እናቴ ስታወራ እሰማለሁ፤ ይህን ለምን እንደምጽፍልዎ ራሴም አላውቅም።

ስጦታው ትልቅ ነው። ከጣቷ ጋር ተያይዞ መምጣቱ ግን ከንክኖኛል፤ ልደብቅዎ አልችልም።

እናቴ ጋ ሚዛን ሄጄ ነበር። አስለቀስኩሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «ያለቀስኩት ባንቺ አይደለም» አለችኝና ሱቁን ትታ ጓዳ ገባች። ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም። እርስዎ ግን እንዳትነግሪያት ብለውኝ ራስዎ መንገርዎ አሳዝኖኛል። በእኔ ላይ ቢቆጡ ይገባኛል፤ እሷን በእኔ ላይ ማስነሳትዎ ግን አልገባኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማራናታን ጠርቼ ጣትሽን በነፃ የሚያስነሳልሽ ሰው ተገኝቷል አልኳት። ደስታዋን ቢያዩት። ጣቷን በሌላው እጇ ጨበጠቻት፤ ከፈተቻት፤ መልሳ ጨበጠቻት። መዝሙር ስትዘምር እጇን ሳትደብቅ መቆም እንደምትችል፣ ጓደኞቿ ሁለተኛ በጣት ቆጠራ እንደማያላግጡባት ነገረችኝ። እኔም ተሸነፍኩ። እውነቱን ልንገርዎና፣ ይህን ያህል ደስ ካላት ውሸቱ ምን ይጎዳል ብዬ ነበር።

ከዚያ «ማን ነው የሚከፍለው?» አለችኝ።

«ድርጅት ነው።»

«ማን የሚባል ድርጅት?»

እኔ ስዋሽ ጆሮዬ ይቀላል፤ ይህንንም ከዚያው ከቤታችን ሳልወርስ አልቀርም። ልጅቷ ጆሮዬን አየችው። አልቻልኩም፣ ጋሼ። «አጎቴ ነው» አልኳት። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ሌላው የእኔ ቃል አይደለም፤ የእርስዎ ነው። እኔ ስለ እርስዎ ሆኜ አባትሽ ነው ልላት አልችልም፤ አይደለም ልላትም አልችልም።

ከዚያ እጇን ወደ እጅጌዋ መለሰችና «አይቶኝ የማያውቅ ሰው ጣቴ ምን አስጨነቀው?» አለች። መልስ የፈለገች አልመሰለኝም። ወዲያው ወጣች።

በማግስቱ ከእናቷ ጋር መጣች። የምሥራች የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። «ልጅቷ ስትወለድ እሰሪላት ያሉኝ ነበሩ» አለችኝ። «ጌታ የሰጣትን እኔ አላጎድልም አልኩ። ደግሞም አንድ ቀን አባቷ ቢመጣ ሳይጠይቅ ያውቃታል ብዬ ነበር። አሁን ግን እጁ የሷ ነው፤ እሷ ትናገር።» ማራናታም ተናገረች። እኔ ያለችውን አንድም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እንድጽፍልዎ አስምላኛለች፤ ይኸው፦

«መቆረጡን እፈልጋለሁ። ጠልቻት ነው የኖርኩት። ግን መጀመሪያ መጥቶ ይያት። አይቷት ትቆረጥ ካለ በዚያው ቀን አስቆርጣታለሁ። እሱ ሳያያት ግን አትነካም።»

ስለዚህ ሆስፒታሉ ደውዬ የሰኔውን ቀጠሮ አሰርዣለሁ። ልጅቷን ከክፍሌ አላዛወርኩም፤ አላዛውራትምም። እኔን ማዛወር ካስፈለገዎ ያዛውሩኝ፤ ሚዛንም ባዮሎጂ አለ። እርስዎ አስተምረውኛል፤ ውለታዎን እስክሞት አልረሳውም። ይህችን ልጅ ማስተማር ግን የእኔ ሥራ ነው።

ለሚሊኒየሙ ስትመጡ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ማራናታ ክረምቱን ከእናቷ ጋር ችግኝ ጣቢያው ትሆናለች። መንገዱን ያውቁታል።

የእህትዎ ልጅ
ማናልሞሽ


ሀምቡርግ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ማናልሞሽ ልጄ፤

ክረምቱን በሰላም ያውጣችሁ። ደብዳቤሽን ብዙ ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለሸዋነሽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። እስከ ዛሬ አላናገረችኝም። ፍሬአብ ከበሩ ጀርባ ሰምቶ ኖሮ ማታ መጥቶ «የሣልኩት ሐረግ ጎደሎ ነበር ማለት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ትኬቴን ቆርጫለሁ። ጳጉሜን ሲገባ አዲስ አበባ እደርሳለሁ፤ ከዚያ ወደ እናንተ እመጣለሁ። እነ ሸዋነሽ ይምጡ አይምጡ አላውቅም። ለእታለም ንገሪያት። ለየምሥራች ምን እንደምትዪያት አላውቅም፤ እኔው እነግራታለሁ።

ለልጅቷ የምጽፈው ቃል አላገኘሁም። ከመምጣቴ በፊት ግን አንድ ነገር ብቻ ቶሎ ጻፊልኝ። ሁሉንም ደብዳቤሽን አውጥቼ ፈለግኩት፤ አንዱም ላይ የለም። ጣቷ ያለችው የትኛው እጇ ላይ ነው? የእኔ ግራዬ ላይ ነበረች።

ብርሃነመስቀል